የተዋናዩ ፊት እና የሶሓባው ስም



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የአንድ ሕፃን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ከተጠየቀ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የጠየቀውም ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል። እኔ ግን ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር መልሱን ሳወጣና ሳወርድ እገኛለሁ።

ያኔ በሰፈራችን ቪዲዮ ማጫወቻ የነበረው ቤት ከአንድ ወይም ከሁለት አይበልጥም ነበር። በዒድ ቀን ሶላቱ ተሰግዶ፣ ዘመድ ተጠይቆ፣ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ሰፈርተኛው ወደዚያ ቤት ይጎርፋል። ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል፣ ሕፃናቱ ደግሞ ከፊት መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ቡናው ይፈላል፤ «አር-ሪሳላ» የተባለው ፊልም ይከፈታል። ካሴቱ በእንግሊዝኛ የተሠራው ቅጂ ስለነበረ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ወንድማችን እያስቆመ ይተረጉምልናል። ቢላል (ረ.ዐ) በትኩስ አሸዋ ላይ ተኝተው፣ ደረታቸው ላይ ድንጋይ ተጭኖ አሐድነቱን ሲመሰክሩ እናቶች ያለቅሳሉ። ሐምዛ (ረ.ዐ) ከአደን ተመልሰው አቡ ጀህልን ሲመቱ ሕፃናቱ በደስታ ይጮኻሉ። በኡሑድ ጦሩ ሲወረወር ግን ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይላል።

የእኅቴ ልጅ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። ያንን ባለ ግርማ ፊት እጅግ ይወደው ነበር። ከልጆች ጋር ሲጫወትም «እኔ ሐምዛ ነኝ» እያለ እንጨት ይዞ ይሮጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ጎረቤት ቤት ሌላ ካሴት ተከፍቶ አየና እየሮጠ መጥቶ እጄን ያዘኝ። «አጎቴ! ሐምዛ እዚያ ቤት ይጨፍራል። ለምን ነው የሚጨፍረው?» አለኝ።

ሄጄ አየሁ። ፊልሙ በ1964 የወጣው «ዞርባ ግሪኩ» ነበር። በባሕር ዳርቻ እጁን ዘርግቶ የሚጨፍረው ሰው እኛ በዒድ ቀን «ሐምዛ» እያልን የምናየው ሰው ራሱ ነው። ለልጁ «እሱ ሐምዛ አይደለም፤ ተዋናይ ነው» አልኩት። ዝም አለ። በሚቀጥለው ዒድ ፊልሙ ሲከፈት ግን እንደ ድሮው አልጮኸም። እኔም ብሆን ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ፊልም እንደ ቀድሞው ማየት አልሆነልኝም።

አንድን ተዋናይ በፊልም ወድዶ፣ ኋላ ስለ ግል ሕይወቱ ሲሰማ ልቡ የሻከረበት ሰው በየአገሩ ሞልቷል። ለሌላው ሰው የሚበላሸው ግን የአንድ ምሽት መዝናኛ ነው። ለእኛ ደግሞ ነገሩ ከዚያ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ተዋናዩ የለበሰው የሶሓባን ስም ነው። እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንመልከተው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሒጅራ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሩ የተዘጋበት ዓመት

ጉዳዩ በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በ1926 ዩሱፍ ወህቢ የተባለ ስመ ጥር ግብፃዊ የመድረክ ተዋናይ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ወክሎ በፊልም እንዲጫወት ከውጭ አገር የፊልም ሠሪዎች ጥያቄ ቀረበለት። ወህቢ የፓሻ ልጅ ነበር፤ «ረምሲስ» የተባለውን የቲያትር ቡድን ያቋቋመ፣ በካይሮ ከተማ ማን እንደሆነና እንዴት እንደሚኖር ሁሉም የሚያውቀው ሰው ነው። ጥያቄውን መቀበሉ በጋዜጣ ሲሰማ አገሩ ታወከ። አል-አዝሀር ተቃወመ። ንጉሥ ፉኣድም ሥራውን ቢቀጥል ከአገር እንደሚያስወጡትና ዜግነቱን እንደሚገፍፉት አስጠነቀቁት። ወህቢም ሐሳቡን ተወ።

በዚያን ጊዜ ለሰዉ ሁሉ ግልጽ የነበረው አንድ ነገር ነው። ተዋናይ ዛሬ ነቢይ፣ ነገ ሰካራም፣ ከነገ ወዲያ ሌባ ሆኖ መድረክ ላይ ይወጣል። ሥራው ነው። ተመልካቹ ግን ያው ፊት ነው የሚያየው። አንዱን ሚና ከሌላው፣ ሚናውንም ከሰውየው የግል ኑሮ ለይቶ በልቡ የሚያስቀምጥ ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) በተዋናይ ፊት የማሳየቱ በር በዐረቡ ዓለም እንደተዘጋ ቀረ። የሶሓባዎቹ ጉዳይ ግን ሳይቋጭ ሰነበተ።

ሙስጠፋ ዐቃድ እና ሁለቱ ፊልሞች

ሙስጠፋ ዐቃድ በ1930 በሶሪያ ሐለብ ከተማ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ፊልም ለመማር ወደ አሜሪካ ሲሄድ አባቱ በአንድ እጁ ሁለት መቶ ዶላር፣ በሌላው እጁ ቁርኣን አስይዞ እንደሸኘው ራሱ ደጋግሞ ይናገር ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ በሥራው ከታወቀ በኋላ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ምዕራባውያን ስለ እስልምና የማያውቁትን በሚገባቸው መንገድ ማሳየት።

ሥራው ቀላል አልሆነም። የፊልሙን ድርሰት የአል-አዝሀር ዑለማዎችና የሊባኖስ የሺዓ ምክር ቤት እንዲያዩት አደረገ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አልታዩም፤ ድምፃቸውም አልተሰማም። አራቱ ኹለፋዎችም በተዋናይ አልተመሰሉም። የዐሊይ (ረ.ዐ) መኖር የሚታወቀው በሰይፋቸው ጫፍ ብቻ ነው። ሐምዛ፣ ቢላል፣ ዘይድ፣ ጃዕፈር እና ሌሎች ሶሓባዎች (ረ.ዐ) ግን በተዋናዮች ተመሰሉ።

ዐቃድ አንድ ፊልም ሳይሆን ሁለት ፊልም ነው የሠራው። በአንድ ሥፍራ፣ በአንድ ልብስ፣ መጀመሪያ የእንግሊዝኛው ተዋንያን ይጫወታሉ፤ ከዚያ እነሱ ወጥተው የዐረብኛው ተዋንያን ያንኑ ትዕይንት ይደግማሉ። በእንግሊዝኛው ሐምዛን የተጫወተው አንቶኒ ኩዊን፣ ሂንድን የተጫወተችው ኢሪን ፓፓስ ናት። ቢላልን የተጫወተው በዳካር የተወለደው ጆኒ ሴካ ነው። የእኛን ነጃሺን የተጫወተው ደግሞ በቤርሙዳ ደሴት የተወለደው ኧርል ካሜሮን ነበር። በዐረብኛው ሐምዛን የተጫወተው ግብፃዊው ዐብዱላህ ጘይስ፣ ሂንድን የተጫወተችው ሶሪያዊቷ ሙና ዋሲፍ ናት። የሚገርመው ነገር በዐረብኛው ፊልም የሙሽሪኮቹን አለቃ አቡ ሱፍያንን የተጫወተው ሐምዲ ጘይስ የዐብዱላህ ወንድም መሆኑ ነው። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ወንድማማቾች በበድርና በኡሑድ ፊት ለፊት ተሰለፉ።

ቀረጻው በ1974 በሞሮኮ ተጀመረ። ካዕባን የሚመስል ሕንፃና የመካ ከተማ አምሳያ ከማራኬሽ ከተማ ወጣ ብሎ ተሠራ። ብዙም ሳይቆይ ከሳዑዲ ዐረቢያ ተቃውሞ በረታ፤ ንጉሥ ሐሰን 2ኛም ሥራው እንዲቆም አደረጉ። ሙዐመር ጋዳፊ ተቀበሉትና ቀሪው በሊቢያ ተቀርጾ አለቀ። ፊልሙ በ1976 ለሕዝብ ቀረበ። ሙዚቃው ለኦስካር ሽልማት እስከመታጨት ደረሰ። ዝናው ግን በሙስሊሙ ቤት ነበር። ከዳካር እስከ ጃካርታ፣ ከካራቺ እስከ አዲስ አበባ በየሳሎኑ ታየ።

ዑለማዎቹ የፈሩት

ፊልሙ ገና ሐሳብ በነበረበት ጊዜ፣ በ1393 ዓመተ ሒጅራ (1973)፣ የሳዑዲ ታላላቅ ዑለማ ምክር ቤት በጉዳዩ ላይ መክሮ ሶሓባዎችን በተዋናይ መመሰል እንደማይፈቀድ ወሰነ። ከምክንያቶቹ አንዱ በቀጥታ ስለ ተዋንያኑ ሕይወት ነበር። በዚህ ሥራ ላይ የሚሰማሩት ሰዎች በአብዛኛው በኑሯቸው ተቅዋና መልካም ምግባር የሚታይባቸው አይደሉም፤ የሶሓባው ክብር በእነሱ አማካይነት ለመሳለቂያ ይጋለጣል፤ ገንዘብ ማግኘትም ዋናው ዓላማ ይሆናል የሚል ነው። ይገኛል የሚባለው ጥቅም ግምት ነው፤ ጉዳቱ ግን ያመዝናል አሉ። አል-አዝሀርም በመጨረሻ ድጋፉን አንስቶ ተቃዋሚ ሆነ።

በሌላ ወገን የቆሙ ዑለማዎችም አሉ። እነሱም ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) መመሰል እንደማይቻል ይስማማሉ። የሶሓባዎቹን ጉዳይ ግን ታሪኩ እውነተኛ እስከሆነ፣ አቀራረቡም ክብራቸውን እስከጠበቀ ድረስ ይቻላል ብለዋል። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ በዚህ ላይ ፍርድ ለመስጠት ዕውቀቱም ሥልጣኑም የለኝም። ነገር ግን የእኅቴ ልጅ እጄን ይዞ የጠየቀኝ ጥያቄ፣ ከከለከሉት ዑለማዎች ሥጋት ጋር አንድ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። የሰባት ዓመት ሕፃን ሳያነብ የደረሰበትን ነገር እነሱ ከዓመታት በፊት አስቀድመው አይተውት ነበር።

አንቶኒ ኩዊን ማን ነበር?

አንቶኒ ኩዊን በ1915 በሜክሲኮ ቺዋዋ ከተማ ተወልዶ በድህነት ያደገ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። በ1962 በወጣው «የዐረቢያው ሎሬንስ» ላይ ዐረባዊ የጎሣ መሪ፣ በ1964 ግሪካዊው ዞርባ፣ በ1968 ደግሞ በአንድ ፊልም የካቶሊኮች ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተጫውቷል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሐምዛ የሆነው። የግል ሕይወቱን በተመለከተ ከተለያዩ ሴቶች ከአሥር በላይ ልጆች ነበሩት። ስለዚህም በራሱ እጅ በጻፋቸው መጻሕፍት ሳይደብቅ ተናግሯል። በ2001 ሞተ።

ይህን የምጽፈው የሞተን ሰው ነውር ለመቁጠር አይደለም። እሱ ሙስሊም አልነበረም፤ በእኛ ሸሪዓ እኖራለሁ ብሎም ቃል አልገባም። ተዋናይ ነኝ አለ፤ ሥራውን ሠራ፤ ሄደ። እንዲያውም በ1981 በዚያው በዐቃድ አዘጋጅነት የሊቢያውን ሸይኽ ዑመር ሙኽታርን ሆኖ ሲጫወት፣ ብዙ ሙስሊም ሽማግሌ አባቱን ያየ ያህል አልቅሷል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ያ ፊልም የተለየ ትርጉም አለው። ዑመር ሙኽታርን በ1931 ያሰቀለው ጄኔራል ግራዚያኒ በየካቲት 1937 በአዲስ አበባ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲጨፈጨፍ የገዛን ራሱ ግራዚያኒ ነው። ኢጣሊያ ፊልሙ በአገሯ እንዳይታይ ብዙ ዓመት ከልክላው ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይከብዳል። የሰውን የግል ሕይወት እየመዘንን ፊልም የምንጥል ከሆነ በኩዊን ብቻ አናቆምም። ለሁለቱም ፊልሞች ገንዘብ ያወጡት ጋዳፊ ናቸው፤ የእሳቸውን አገዛዝ ሊቢያውያን ያውቁታል። ዐቃድ ራሱ ገንዘብ ያገኝ የነበረው «ሃሎዊን» የሚባሉትን ነፍሰ ገዳይ የሚታይባቸውን የአስፈሪ ፊልሞች በማውጣት ነው። አሟሟቱ ደግሞ ልብ ይሰብራል። በኖቬምበር 2005 በአማን ከተማ በሆቴሎች ላይ በደረሰው የአጥፍቶ ጠፊዎች ፍንዳታ ከልጁ ከሪማ ጋር ሞተ። ስለ እስልምና ለዓለም ለመመስከር የደከመው ሰው፣ በእስልምና ስም ነፍስ በሚያጠፉ ሰዎች እጅ ወደቀ። ታዲያ የትኛውን የሕይወቱን ገጽ ይዘን ነው ፊልሙን የምናየው?

ወሬ ያደረሰው ጥፋት

ስለ ተዋናይ የሚወራ ወሬ ሁሉ እውነት አይደለም። ይህንንም ያው ፊልም አስተምሮናል።

ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት «ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) የሚጫወት አሜሪካዊ ተዋናይ ተቀጥሯል» የሚል ወሬ በብዙ አገር ተሰራጨ። ብዙ ሰው ፊልሙን ሳያይ አወገዘ። በማርች 1977 ደግሞ በዋሺንግተን ከተማ ሐማስ ዐብዱል ኻሊስ የሚባል ሰው የሚመራው ቡድን ሦስት ሕንፃዎችን በመሣሪያ ያዘ፤ ከመካከላቸው አንዱ የከተማዋ እስላማዊ ማዕከል ነበር። 149 ሰዎች ታገቱ፤ አንድ ወጣት ጋዜጠኛም ተገደለ። ሰውየው ቤተሰቡ በ1973 በግፍ ተገድሎበት የቆሰለ ሰው ነበር፤ ዋናው ጥያቄውም ገዳዮቹ ይሰጡኝ የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄው ግን ይህ ፊልም በአሜሪካ መታየቱ እንዲቆም ነበር። በመጨረሻ የግብፅ፣ የፓኪስታንና የኢራን አምባሳደሮች ገብተው፣ ከቁርኣን አያቶች እየጠቀሱ ካነጋገሩት በኋላ ታጋቾቹ ተለቀቁ።

አምባሳደሮቹ በቁርኣን ቃል ልቡን ሲያለሰልሱ፣ የታገተው ፊልም ደግሞ ስለዚያው ቁርኣን አመጣጥ የሚናገር መሆኑን ስናስብ ምን ያህል ያሳዝናል! አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ፋሲቅ ወሬ ይዞ ሲመጣ እንድናጣራ አዞናል። በዚያችው ሱራ ውስጥ የሰውን ነውር መሰለልና ሐሜት ተከልክሏል። ስለዚህ ስለ አንድ ተዋናይ ሰማሁ ብለን ቤተሰባችን ፊት ከመናገራችን በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ አለብን። እውነት ነው ወይ? እውነትስ ቢሆን መናገሩ ማንን ይጠቅማል?

ቀደምቶቻችን ንግግሩን ከተናጋሪው እንዴት ለዩት?

ሙስሊሞች ይህን ጥያቄ ፊልም ከመፈጠሩ ከአሥራ ሦስት ምዕተ ዓመት በፊት አግኝተውት ነበር።

ኡመያ ኢብን አቢ ሰልት የጣኢፍ ገጣሚ ነበር። ስለ አላህ አንድነትና ስለ ትንሣኤ ቀን ግሩም ግጥም ይገጥም ነበር፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲላኩ ግን አልተከተላቸውም። እንዲያውም በበድር ለተገደሉት ሙሽሪኮች ሙሾ ገጠመ። ሆኖም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ፣ ሸሪድ የተባሉት ሶሓባ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኋላ ተፈናጠው ሲሄዱ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የኡመያን ግጥም እንዲያሰሟቸው ጠየቋቸው። አንድ ቤት ሲሉ ጨምር አሏቸው፤ እንዲህ እያሉ መቶ ቤት አደረሱ። ሰውየው ሳያምን ሞተ፤ ያማረ ንግግሩ ግን ተሰማ።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የረመዷንን ዘካ ሲጠብቁ ሌሊት እየመጣ የሚሰርቅ ሌባ ያዙ። በሦስተኛው ሌሊት ሌባው ከመተኛታቸው በፊት አያተል ኩርሲን እንዲቀሩ አስተማራቸው። ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግሯቸው፣ ውሸታም ቢሆንም ይህችን እውነት እንደተናገረና ሌባውም ሸይጧን እንደነበረ ነገሯቸው። ከዚህ የባሰ ተናጋሪ የት ይገኛል? ትምህርቱ ግን ትክክል ስለነበረ ተወሰደ፤ ዛሬም በየቤታችን እንቀራዋለን።

በሌላ በኩል ደግሞ ታቢዒዩ ሙሐመድ ኢብን ሲሪን ይህ ዕውቀት ዲን ስለሆነ ከማን እንደምንወስደው እንድንመለከት አስጠንቅቀዋል። የሐዲሥ ሊቃውንትም የአስተላላፊዎችን ሕይወት አንድ በአንድ መርምረው፣ ውሸታቸው የታወቀውንና ምግባራቸው የተበላሸውን ጥለዋል።

ሁለቱ ነገሮች ይጋጫሉን? አይጋጩም። የሐዲሥ አስተላላፊ «ሰምቻለሁ» ሲል የምናምነው እሱን ራሱን ነው፤ ስለዚህ ሕይወቱ ይመረመራል። የኡመያ ግጥም ግን እውነትነቱ በኡመያ ላይ አይቆምም። ሌባው ያስተማረውም በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምስክርነት ጸና እንጂ በሌባው ታማኝነት አይደለም። ተዋናይ የቱ ጋ ነው? «እመኑኝ» አይለንም፤ ታሪኩን የምናውቀው ከሲራ መጻሕፍት ነው። በዚህ በኩል እንደ ኡመያ ነው። ነገር ግን ግጥም ፊት የለውም። ተዋናይ ፊቱን በልባችን ያትማል፤ ከዚያ በኋላ የሶሓባው ስም ሲጠራ የሚመጣብን የእሱ ፊት ይሆናል። ከባዱ ነገር ይህ ነው።

የወሕሺ ፊት

ስለ ፊትና ስለ ልብ ስናነሳ ከራሱ ከሐምዛ (ረ.ዐ) ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር አለ።

በኡሑድ፣ በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ሐምዛን በጦር የገደሏቸው ወሕሺ ናቸው። ትውልዳቸው ሐበሻ ነው። የጁበይር ኢብን ሙጥዒም ባሪያ ነበሩ፤ ለነፃነታቸው ዋጋ የተጠየቁት የሐምዛ ነፍስ ነበር። ዓመታት አልፈው ወሕሺ እስልምናን ሊቀበሉ ወደ መዲና መጡ። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሥ ወሕሺ ራሳቸው እንደተረኩት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወሕሺ መሆናቸውንና ሐምዛን የገደሉት እሳቸው መሆናቸውን ጠየቋቸው። ከዚያም ፊታቸውን ከሳቸው መሰወር ይችሉ እንደሆን ጠየቋቸው።

ይህን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ቆም እላለሁ። እስልምናቸው ተቀባይነት አግኝቷል።  ያለፈው ተፍቋል። ሆኖም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የአጎታቸውን ገዳይ ፊት ማየት ከበዳቸው፤ ይህንንም አልደበቁም። ልብ የራሱ ሐቅ አለው። ፍርድ ሌላ፣ የልብ ስሜት ሌላ ነው። ስሜታቸው ግን ፍርዳቸውን አላበላሸውም። ወሕሺን አልገሠጿቸውም፤ ከጀመዓው አላስወጧቸውም።

ወሕሺም ያንን አከበሩ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እስከሚሞቱ ድረስ ከዓይናቸው ራቁ። ከዚያ በየማማ ጦርነት ሐሰተኛው ነቢይ ሙሰይሊማ ላይ ያንኑ ጦር ወረወሩ። ሐምዛን የገደለው ጦር የሙስሊሞችን ጠላት ጣለ። ከወሕሺ ውስጥ የቱ ነው እውነተኛው? ሁለቱም ናቸው። የሰው ሕይወት በአንድ ገጽ አያልቅም።

ከዚህ ለራሴ የተማርኩት ይህ ነው። አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት «ስለዚያ ተዋናይ ከሰማሁ ወዲህ ፊልሙን ማየት አልችልም» ብትል፣ «ይህማ ጥበብ ነው፤ ሰውየውን ተይው» ብለን ልናስገድዳት አይገባም። ልቧ የራሱ ሐቅ አለው። በዚያው መጠን ግን «እኔ ማየት ስላልቻልኩ የሚያየው ሁሉ ኃጢአተኛ ነው» ማለትም ስሜትን ከፍርድ መቀላቀል ነው።

ያልታወቀ ፊት

ነገሩን ለማቅለል የሞከሩ ፊልም ሠሪዎች ኋላ ሌላ ዘዴ ፈለጉ። በ2012 ረመዷን ስለ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) የተሠራው የሶሪያዊው ሓቲም ዐሊ ተከታታይ ፊልም በቴሌቪዥን ሲቀርብ፣ ዑመርን የተጫወተው ሳሚር ኢስማዒል የሚባል ብዙ ሰው የማያውቀው ወጣት ነበር። ሰዎች ከሌላ ሚና ጋር እንዳያያይዙት ታስቦ ነው። አል-አዝሀር እንደ ድሮው ተቃወመ፤ እንደ ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀርዷዊ ያሉ ዑለማዎች ደግሞ ድርሰቱን መርምረው ደገፉ። ዘዴው ግን ለአንድ ረመዷን ብቻ የሚሠራ ነው። ወጣቱ ከዚያ በኋላ በሌሎች ተከታታይ ፊልሞች ሌላ ሰው ሆኖ ታየ። ያልታወቀው ፊት ታወቀ።

«አር-ሪሳላ» ራሱም ዘመን ተለውጦለታል። በሞሮኮ ቀረጻው እንዲቆም ተቃውሞ ከተነሳባት አገር፣ ከሳዑዲ ዐረቢያ፣ ሲኒማ ቤቶች በ2018 ሲከፈቱ በዚያው ዓመት በዒድ ሰሞን ታየ። በበኩሌ ይህን ስሰማ የተደበላለቀ ስሜት ነው የተሰማኝ።

ለወላጆች

ታዲያ በቤታችን ምን እናድርግ? ከገጠመኜ የተማርኩትን ላካፍል።

አንደኛ፣ ሲራው ይቅደም። ሕፃኑ ሐምዛን መጀመሪያ ከእናቱና ከአባቱ አፍ ይስማ። በልቡ ያለው ሥዕል ከቤተሰቡ ቃል የተሠራ ከሆነ የተዋናይ ፊት አይተካውም። እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው፤ ካሴቱን አስቀደምን።

ሁለተኛ፣ ፊልም የምናሳይ ከሆነ ይህ ሰው ልብስ የለበሰ ተዋናይ መሆኑን አስቀድመን እንንገራቸው። ሕፃን ስለሆነ አይገባውም አንበል፤ ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ ተዋናይን ከልክ በላይ አንውደድ፤ ከልክ በላይም አንጥላ። መውደዳችን በልክ ቢሆን ኖሮ ወሬው ሲመጣ እንዲህ ባልጎዳን ነበር።

ባለፈው ዒድ የእኅቴ ልጅ ቤት ነበርኩ። ልጆቹን ሰብስቦ ያንኑ ፊልም ከፈተላቸው። እኔ ምንም አልተናገርኩም። ኡሑድ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ልጆቹ «ከዚያስ? ሐምዛ ምን ሆኑ?» እያሉ ጮኹ። እሱም በጨለማው ውስጥ፣ ትንሿን ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ቀስ እያለ ተረከላቸው። ወሕሺ ከድንጋዩ ሥር እንዴት እንዳደፈጡ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአጎታቸው ሬሳ ላይ እንዴት እንዳዘኑ፣ ዓመታት ቆይቶም ያ ገዳይ ሙስሊም ሆኖ እንደመጣ ነገራቸው። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጡ ነበር።

መብራቱ ሲመጣ ፊልሙን የጠየቀ ልጅ አልነበረም። ትንሿ ልጅ ግን አባቷን ቀና ብላ አይታ «አባዬ፣ ወሕሺስ ጀነት ገቡ?» አለችው። አባቷም ወደ እኔ ዞረ። ይህንንም ጥያቄ ለዑለማዎች ትቼዋለሁ።

ወላሁ አዕለም።